ያልታዘዘ ሥራ፦ ዲትሪሽ ቡክስተሁደ እና የሉቤክ ኦርጋን

በሰሜን ጀርመን የወደብ ከተማ በሆነችው ሉቤክ፣ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ከ1668 እስከ 1707 ድረስ የደብሩን ሒሳብ የያዘው አንድ ሰው ነበር። የሠራተኛ ደመወዝ ይከፍላል፣ ለቁርባን የሚሆነውን ኅብስትና ወይን ያስገዛል፣ የተሰነጠቀ ግድግዳና የሚያፈስ ጣራ ያስጠግናል፣ ገቢና ወጪውንም በየሳምንቱ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ይህ ሒሳብ ያዥ ዲትሪሽ ቡክስተሁደ ይባላል። የዚያው ደብር ኦርጋን ተጫዋችም እሱ ነበር፤ ዛሬ ስሙ የሚነሳው በዚህኛው ሙያው ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ እሱ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የሌላ ሰው ስም ነው። በኋላ ከአውሮፓ ታላላቅ የሙዚቃ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በወጣትነቱ እሱን ለመስማት ሩቅ አገር በእግሩ ሄዷል ይባላል። ታሪኩ እውነት ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ቡክስተሁደን የባኽ መንደርደሪያ ብቻ አድርጎ ማየት ግን ትልቁን ነገር ያስቀራል። የሰውየውን ሕይወት ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል፦ ደመወዝ እየተከፈለው በየእሑዱ የተጫወተው ሙዚቃ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። እኛ እጅ የደረሰው በአብዛኛው ማንም ሳያዘው፣ የቅጥር ውሉም ሳያስገድደው የሠራው ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት በዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ምን ይሠራ እንደነበር ማወቅ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው። ኦርጋን ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ባንድ ውስጥ ያለውን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ኪቦርድ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዝማሬው በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ስለሆነ ባለ ቧንቧው ኦርጋን ለአብዛኛው አንባቢ እንግዳ ነው። ባለ ቧንቧው ኦርጋን ከሕንፃው ግድግዳ ጋር አብሮ የሚሠራ ግዙፍ ነገር ነው። ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅይጥ ወይም ከእንጨት የተሠሩ፣ ቁጥራቸው ሺዎች የሚደርስ ቧንቧዎች አሉት። ወናፎች ከሥር አየር ያጠራቅማሉ። ተጫዋቹ አንዷን ቁልፍ ሲጫን ከእሷ ጋር የተያያዘች ትንሽ መዝጊያ ትከፈታለች፤ አየሩ ወደ ቧንቧው ይገባና ቧንቧው እንደ ዋሽንት ይጮኻል። ረጅም ቧንቧ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ አጭሩ ቀጭን። በሰሜን ጀርመን ትልልቅ ኦርጋኖች ላይ የረጅሙ ቧንቧ ቁመት ወደ 10 ሜትር ይጠጋል።

ቧንቧዎቹ እንደ ድምፃቸው ጠባይ በረድፍ በረድፍ ይቆማሉ፤ አንዱ ረድፍ ለስላሳ፣ ሌላው ሹል፣ ሌላው መለከት መሳይ ነው። ተጫዋቹ የትኛው ረድፍ እንደሚጮህና የትኛው ዝም እንደሚል የሚወስነው ከጎኑ ያሉትን የእንጨት እጀታዎች በመሳብና በመግፋት ነው። የሉቤክ ቅድስት ማርያም ትልቁ ኦርጋን እንዲህ ያሉ 52 ረድፎች፣ አንዱ ከሌላው በላይ የተደረደሩ ሦስት የእጅ ኪቦርዶችና በእግር የሚረገጥ ፔዳል ነበረው። ትንሽ ሁለተኛ ኦርጋንም በዚያው ቤተ ክርስቲያን አንድ ጥግ ላይ ነበረ። ኤሌክትሪክ የለምና፣ ተጫዋቹ ቁልፍ በነካ ቁጥር ከኦርጋኑ ጀርባ ወናፎቹን በእግራቸው የሚረግጡ ሰዎች መኖር አለባቸው። ትልቁን ኦርጋን ብቻውን ገብቶ መለማመድ የማይታሰብ ነገር ነበር። ብዙዎቹ ተጫዋቾች የሚለማመዱት ቤታቸው ውስጥ፣ ፔዳል በተገጠመለት አነስተኛ ኪቦርድ ላይ ነው።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ኦርጋን ተጫዋቹ በእሑድና በበዓላት ምእመናኑ ሊዘምሩ የተዘጋጁትን መዝሙር ዜማ አስቀድሞ ያሰማል፤ በቁርባን ጊዜ ይጫወታል፤ በመግቢያና በመውጫ ይጫወታል። ይህንን ሁሉ በአብዛኛው የሚያደርገው ከወረቀት ሳያነብ፣ እዚያው እየፈጠረ ነው። ለሥራ ሲፈተንም የሚፈተነው በዚህ ነበር፤ አንድ ዜማ ይሰጠውና በቦታው አራብቶ፣ አወሳስቦ፣ መልሶ አፍታትቶ እንዲያሰማ ይጠየቃል። ስለዚህ ጎበዝ ኦርጋን ተጫዋች ማለት ወረቀት የማያስፈልገው ሰው ማለት ነው። ቡክስተሁደ ወደ አርባ ዓመት ገደማ በሉቤክ እሑድ እሑድ የፈጠረው ሙዚቃ በዚያው ሰዓት ተሰምቶ በዚያው አለቀ።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በሉቤክ መዘምራኑን የሚመራውና የሚዘመረውን ሙዚቃ የሚያዘጋጀው ኦርጋን ተጫዋቹ አልነበረም። ያ የካንቶሩ ድርሻ ነው፤ ካንቶር የሚባለውም የከተማው ትምህርት ቤት መምህርና የመዘምራኑ አለቃ ነበር። ቡክስተሁደ ለዘማሪዎች ድምፅ የሚሆን ሙዚቃ እንዲደርስ የሚያስገድደው አንድም ነገር አልነበረም። ሆኖም ከእጁ ወጥተው እስከ ዛሬ የቆዩት የድምፅ ሥራዎች ከመቶ ይበልጣሉ።

የተወለደው በ1637 ገደማ ነው። ዓመቱ የሚታወቀው በሞተበት ዓመት የወጣ የመታሰቢያ ጽሑፍ 70 ዓመት ያህል መኖሩን ስለገለጸ ነው፤ ያው ጽሑፍ ዴንማርክን አገሬ ይል እንደነበርም ይናገራል። አባቱ ዮሐንስም ኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ መጀመሪያ በሄልሲንቦርግ፣ ከዚያም በሄልሲንገር ሠርቷል። እነዚህ ሁለት ከተሞች በጠባብ የባሕር መተላለፊያ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው። ልጁ በሃያ ዓመቱ ገደማ አባቱ ቀድሞ በሠራበት በሄልሲንቦርግ ተቀጠረ። ጊዜው የዴንማርክና የስዊድን ጦርነት ጊዜ ነበርና በ1658 ሄልሲንቦርግ ከነአውራጃዋ ወደ ስዊድን ዞረች። በ1660 ባሕሩን ተሻግሮ በሄልሲንገር፣ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች በሚያስቀድሱበት ደብር ሥራ ያዘ፤ ስምንት ዓመትም ቆየ።

በኖቬምበር 1667 የሉቤክ ቅድስት ማርያም ኦርጋን ተጫዋች ፍራንዝ ቱንደር ሞተ። ሉቤክ ሃንሳ የሚባለው የነጋዴ ከተሞች ኅብረት ዋና ከተማ ነበረች። ኅብረቱ የመጨረሻ ጉባኤውን ያደረገው በ1669 ነው፤ እናም ቡክስተሁደ የደረሰባት ከተማ ከከፍታዋ መውረድ የጀመረች ነበረች። ቢሆንም ነጋዴዎቿ ገና ባለጠጎች ናቸው፤ ቅድስት ማርያም ደግሞ የእነሱና የከተማው ምክር ቤት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ቡክስተሁደ ኤፕሪል 11 ቀን 1668 ተሾመ። በዚያው ዓመት ኦገስት 3 ቀን የሟቹን የቱንደርን ልጅ አና ማርጋሬታን አገባ። ይህ ጋብቻ ከሹመቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወደ በኋላ ተመሳሳይ ነገር በእሱ ቤትም ስለሚመጣ እዚያው አብራራዋለሁ።

በዘመኑ የኦርጋን ተጫዋቾች ቋንቋ፣ ነፃ ሆኖ ከአንዱ ስሜት ወደ ሌላው የሚዘል የአደራረስ ስልት «ስቲሉስ ፋንታስቲኩስ» ይባል ነበር። የቡክስተሁደን ፕሪሉዶች የሰማ ሰው ስልቱ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። መጀመሪያ ጣቶች ብቻቸውን ይሮጣሉ፤ ድንገት እግር በፔዳሉ ይገባል፤ ከዚያ ሥርዓት የያዘ ፉግ ይጀምራል፤ ማለትም አንድ ዜማ በአንድ ድምፅ ይነሳና ሌሎቹ ድምፆች ተራ በተራ እየተቀበሉ ያሳድዱታል። ፉጉ ሲሞቅ ይቋረጥና እንደገና ያ የማይጨበጥ ነፃ አጨዋወት ይመጣል። እነዚህ ሥራዎች ወረቀት ላይ ቢሰፍሩም የሚያሰሙን እዚያው እየፈጠረ የሚጫወትን ሰው ነው። ያ የጠፋው የእሑድ ሙዚቃ ምን ይመስል እንደነበር የምንገምተውም ከእነዚህ ነው።

የዚህ ስልት ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ሌላ ሥራው አለ፦ ፓሳካሊያ በዲ ማይነር። እኔ ከኦርጋን ሥራዎቹ ሁሉ ይህንን አስቀድማለሁ። ፓሳካሊያ ማለት አንድ አጭር የታች ዜማ ሳይቋረጥ እየተደጋገመ፣ ከላይ ያለው ሙዚቃ ግን ሁልጊዜ የሚለዋወጥበት ቅርጽ ነው። ቡክስተሁደ አራት መስፈሪያ ብቻ የሆነች ዜማ ለፔዳሉ ሰጠ። ሰባት ጊዜ በዲ ማይነር ቅኝት ትመላለሳለች። ከዚያ አጭር መሸጋገሪያ አለና ሰባት ጊዜ በኤፍ ሜጀር፣ እንደገና ሰባት ጊዜ በኤ ማይነር፣ በመጨረሻ ወደ ዲ ማይነር ተመልሳ ሰባት ጊዜ። ሲደመር 28 ነው። ቁጥሩ እንዲህ ልክ ስለሆነ ከጨረቃ ዑደት ጋር የሚያያይዙት ሰዎች አሉ፤ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጨረቃንና የፕላኔቶችን አካሄድ የሚያሳይ ትልቅ ሰዓት ነበርና። ዮሐን ማቴሶን የተባለው የሐምቡርግ የሙዚቃ ጸሐፊም ቡክስተሁደ የሰባቱን ፕላኔቶች ጠባይ የሚገልጹ ሰባት የኪቦርድ ሥራዎች እንደነበሩት ጽፏል፤ እነሱ ጠፍተዋል። የጨረቃው ነገር ሆነም አልሆነ፣ ለሰሚው ጆሮ የሚበልጠው ሌላ ነው። ታች ያለው ምንም አይለወጥም፤ ላይ ያለው አንድ ጊዜ እንኳ ራሱን አይደግምም። ወደ ኤፍ ሜጀር ስትሻገር ያቺው ዜማ ፊቷ ይፈታል፤ በኤ ማይነር ትጨልማለች። ስትመለስ እንደ መጀመሪያው ናት፤ የሰማናት እኛ ግን በመካከሉ ብዙ አልፈናል።

አሁን ወደ ድምፅ ሥራዎቹ። በ1680 ስዊድን ውስጥ በስቶክሆልም የንጉሡ ቤት ሙዚቃ ኃላፊ ለነበረው ወዳጁ ለጉስታፍ ዱበን አንድ ሥራ ጽፎ ላከ። «ሜምብራ የሱ ኖስትሪ» ይባላል፤ የኢየሱሳችን አካላት ማለት ነው። ሰባት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል በመስቀል ላይ ያለውን የክርስቶስን አንድ አካል ይሳለማል፦ እግር፣ ጉልበት፣ እጅ፣ ጎን፣ ደረት፣ ልብ፣ ፊት። ግጥሙ በላቲን የተጻፈ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ጸሎት ሲሆን አብዛኛው ክፍል የሚጀምረው «ሳልቬ» በሚል ቃል ነው፤ ሰላም ለአንተ ይሁን እንደ ማለት።

መልክአ ኢየሱስን ወይም መልክአ ማርያምን የሚያደርስ አንባቢ ይህን ሲሰማ ልቡ ደንገጥ ማለቱ አይቀርም። የእኛ መልክእ ስሙን ካስቀደመ በኋላ «ሰላም ለ…» እያለ ከራስ ፀጉር ወደ እግር ጥፍር ይወርዳል። የላቲኑ ደግሞ ከእግር ተነስቶ ወደ ፊት ይወጣል፤ ጸሎተኛው ከመስቀሉ ሥር ተንበርክኮ ዓይኑን ቀስ በቀስ ወደ ላይ እንደሚያነሳ ሰው ነው። አንዱ ከሌላው ተቀዳ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የምናውቀው፣ አካልን አንድ በአንድ እየጠሩ የመሳለም ጸሎት ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው ለእኛ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ይህንን ሙዚቃ ከአብዛኛው የአውሮፓ አድማጭ ይልቅ በቅርብ የምንረዳው ይመስለኛል።

አሠራሩን በአንዱ ክፍል ላይ ማየት ይቻላል። ሁሉም ክፍል መጀመሪያ በመሣሪያ ብቻ ይከፈታል። ከዚያ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በኅብረት ይዘመራል፤ ቀጥሎ የግጥሙ አንጓዎች ለየብቻ ይዜማሉ፤ ጥቅሱም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። እስከ አምስተኛው ክፍል ድረስ የሚያጅቡት ቫዮሊኖች ናቸው። ስድስተኛው ላይ፣ ወደ ልብ ሲደርስ፣ ቫዮሊኖቹ ዝም ይላሉ። በቦታቸው አምስት ቪዮላ ዳ ጋምባዎች ይገባሉ፤ በጉልበት መካከል ተይዘው የሚገዘገዙ፣ ድምፃቸው የታፈነና ወፈር ያለ የክር መሣሪያዎች ናቸው። ዘማሪዎቹም ሦስት ብቻ ናቸው። ጥቅሱ ከመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 4 ነው፤ በላቲኑ «ልቤን አቆሰልሽው» የሚለው። በሰባተኛው ቫዮሊኖቹ ሲመለሱ ብርሃን የበራ ያህል ይሰማል። ቡክስተሁደ ይህን ለማድረግ ያስፈለገው መሣሪያ መቀየር ብቻ ነው፤ ግን የት ላይ እንደሚቀይር ያውቅ ነበር።

ከዚያ በፊት በ1674 የራሱን ሐዘን በሙዚቃ አሳትሟል። አባቱ በስተርጅና ሉቤክ መጥቶ ከእሱ ጋር ይኖር ነበር፤ ጃንዋሪ 1674 ላይ ሞተ። ቡክስተሁደ ለቀብሩ ሁለት ነገር አቀረበ። አንዱ እጅግ በረቀቀ ሒሳብ የተሠራ፣ ድምፆቹ ቦታ ቢለዋወጡ እንኳ የማይፈርስ የመዝሙር ቅንብር ነው። ሌላው ግን ግልጽ ሙሾ ነው፤ አንድ ዘማሪ በሚንቀጠቀጡ የክር መሣሪያዎች ላይ ሞት የልብ ትስስርን ስለ መፍታቱ ያዜማል። ሙያውን ላስያዘው ሰው፣ ሙያውንም ልቡንም አንድ ላይ አቀረበለት።

በከተማው ዘንድ ያስከበረው ግን አቤንድሙዚክ፣ ማለትም የማታ ሙዚቃ የሚባለው ዝግጅት ነው። ጀማሪው ቱንደር ነበር። አንድ ቆየት ያለ የሉቤክ ካንቶር እንደጻፈው፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያቸው ከመሄዳቸው በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ይሰባሰቡ ስለነበር ቱንደር ኦርጋን ይጫወትላቸው ጀመር። ቡክስተሁደ ይህንን ከሥር መሠረቱ ቀየረው። በመጣ በዓመቱ፣ በ1669፣ ከትልቁ ኦርጋን አጠገብ አዳዲስ ሰገነቶች አሠራ፤ ከነበሩት ጋር 40 ያህል ዘማሪና ሙዚቀኛ የሚይዙ ሆኑ። ዝግጅቱንም ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ወደሚውሉ አምስት እሑዶች አዞረው፤ ከሰዓት በኋላ ከጸሎቱ ቀጥሎ፣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር። በኋላም አንዱን ታሪክ በአምስቱ እሑዶች ከፋፍሎ የሚያቀርባቸው ረጃጅም ድርሰቶች መጡ።

ይህ የአምልኮ ሥርዓት አካል አልነበረም፤ የደብሩ በጀትም አይሸፍነውም። መግቢያ በነፃ ነበር። ወጪውን የሚሸፍኑት የከተማው ነጋዴዎች በፈቃዳቸው በሚሰጡት ገንዘብ ነው፤ ቡክስተሁደ ደብዳቤ እየጻፈ፣ የታተመውን ግጥም እየላከ ይለምናቸዋል። መዋጮው ያነሰበት ዓመት ስለነበረ ቅሬታውን በጽሑፍ አስቀምጧል። ሙዚቀኞቹን የሚከፍለው፣ ግጥሙን የሚያሳትመው፣ ለሒሳቡ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሰው ይጎርፍ ስለነበር ጸጥታ የሚያስከብሩ ዘበኞች ይቀጠሩ ነበር። በ1697 የታተመ የከተማዋ መግለጫ እንዲህ ያለ ነገር በሌላ ቦታ እንደማይገኝ በኩራት ይናገራል። ቲኬት ተቆርጦ የሚገባበት የሙዚቃ አዳራሽ ገና ባልተለመደበት ዘመን፣ አንድ ሒሳብ ያዥ ኦርጋን ተጫዋች ለማንም ክፍት የሆነ የሙዚቃ ዝግጅት በየዓመቱ ያቆም ነበር። አቤንድሙዚክ እሱ ከሞተ በኋላ እስከ 1810 ድረስ ቀጠለ።

የእነዚህ ታላላቅ ዝግጅቶች ሙዚቃ ግን አልተረፈም። ታትመው የተከፋፈሉት ግጥሞች ናቸው የተገኙት። ከሁሉ የሚያስቆጨው የ1705ቱ ነው። በዚያ ዓመት ቀዳማዊ ሊዮፖልድ የተባለው ንጉሠ ነገሥት ሞቶ ልጁ ዮሴፍ ነገሠ። ቡክስተሁደ ዲሴምበር 2 እና 3 ላይ ሁለት ምሽት አከታትሎ አንዱን ለሐዘኑ፣ ሌላውን ለንግሡ አቀረበ። 25 ቫዮሊኖች አንዱን ዜማ በአንድነት ይመታሉ ተብሎ በታተመው ጽሑፍ ላይ ሰፍሯል፤ በዚያ ዘመን ለቤተ ክርስቲያን ሰገነት ይህ ከቁጥር በላይ ነው።

ባኽ ሉቤክ የሄደው በዚሁ ሰሞን ነበር። ዕድሜው 20 ነው፤ በአርንሽታት ከተማ ኦርጋን ተጫዋች ነው። በ1705 መጸው አለቆቹን የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጓዘ። በአራት ሳምንት ፈንታ ወደ አራት ወር የሚጠጋ ጊዜ ቆየ። ተመልሶ ፌብሩዋሪ 1706 ላይ አለቆቹ ፊት ቀርቦ የት እንደከረመ ሲጠየቅ፣ ስለ ሙያው አንዳንድ ነገር ለመረዳት ሉቤክ እንደነበር መለሰ፤ ቃሉ በመዝገብ ተጽፏል። በዚያው ችሎት ሌላም ክስ ቀረበበት፦ በመዝሙሮቹ ውስጥ እንግዳ የሆኑ ድምፆችና ልውጥውጥ እያስገባ ምእመናኑን ግራ አጋብቷል ተባለ። ሉቤክ ምን እንደሰማ ከዚህ ክስ በላይ የሚመሰክር ያለ አይመስለኝም።

ከባኽ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 1703፣ ከሐምቡርግ ሁለት ወጣቶች መጥተው ነበር፤ የ21 ዓመቱ ማቴሶንና የ18 ዓመቱ ጌዮርግ ፍሪድሪሽ ሃንደል። የመጡት ሽማግሌውን ለመተካት ይታሰቡ ስለነበር ነው። የከተማዋን ኦርጋኖች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሞከሩ፣ ቡክስተሁደንም በአክብሮት አዳመጡ። ማቴሶን በኋላ እንደጻፈው ግን ሹመቱ የጋብቻ ግዴታ ስለነበረበት ሁለቱም ፍላጎት አላደረባቸውምና ተመለሱ። ሙሽራ የተባለችው የቡክስተሁደ ታላቅ ልጅ አና ማርግሬታ ናት፤ ያን ጊዜ 28 ዓመቷ ነበር። ባኽም በዚሁ ምክንያት ሸሸ እየተባለ የሚተረከው ማስረጃ የለውም።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ መሳቂያ ይነገራል፤ በልጅቷ ላይ የሚሳለቁም አሉ። እኔ ግን ከታሪኩ ጀርባ ያለው የአባትየው ፍርሃት ነው እላለሁ። ጡረታ የሚባል ነገር በሌለበት ዘመን የኖረበት ቤት የደብሩ ነው። እሱ ሲሞት ሚስቱና ልጆቹ ከቤቱ ይወጣሉ። ተተኪው ከቤተሰቡ ቢያገባ ግን ቤቱም እንጀራውም እዚያው ይቆያል። ቡክስተሁደ ራሱ የቱንደርን ቤተሰብ የያዘው በዚህ መንገድ ነበር። ሰባት ሴቶች ልጆች ወልዶ አራቱን ቀብሯል፤ ስለ ቀሩት ሦስቱ ቢጨነቅ ምን ይገርማል? ረዳቱ የነበረው ዮሐን ክርስቲያን ሺፈርደከር በመጨረሻ ሹመቱን ተቀበለ፤ በ1707 ሴፕቴምበር ላይ አና ማርግሬታን አገባ። ቡክስተሁደ ያን ሠርግ አላየም። ሜይ 9 ቀን 1707 ሞቶ በቅድስት ማርያም፣ ከአባቱና ከአራቱ ልጆቹ አጠገብ ተቀብሮ ነበር።

በሕይወት ሳለ ያሳተመው ጥቂት ነው፤ ትልቁ በ1690ዎቹ በሁለት መጽሐፍ የወጡት ለቫዮሊን፣ ለቪዮላ ዳ ጋምባና ለሃርፕሲኮርድ የተጻፉ 14 ሶናታዎች ናቸው። ታዲያ ሌላው እንዴት ተረፈ? በሰው እጅ እየተገለበጠ። ያ በስቶክሆልም ያለው ወዳጁ ዱበን የሚደርሰውን ሁሉ ይሰበስብ ነበር፤ ልጁ ክምችቱን በ1732 ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። እዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ተዘግቶበት ቆየ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲከፈት የቡክስተሁደ የድምፅ ሥራዎች አብዛኞቹ እዚያ ተገኙ። ሉቤክ ውስጥ ቢቀሩ ኖሮ ዕጣቸው ሌላ ሊሆን ይችል ነበር፤ ማርች 1942 በሆሳዕና ዋዜማ ሌሊት በደረሰው የአየር ድብደባ ቅድስት ማርያም ተቃጥላለች፣ ሁለቱም ኦርጋኖቿ ወድመዋል። ሕንፃው ታድሷል። ያን ሌሊት ከደወል ቤቱ ወድቀው የተሰባበሩት ደወሎች ግን በወደቁበት እንዲቀሩ ተደርገዋል፤ ዛሬም ይታያሉ።

የኦርጋን ሥራዎቹ አንዱም በራሱ እጅ ተጽፎ አልተገኘም። ያሉን የተማሪዎችና የአድናቂዎች ግልባጮች ናቸው፤ ከዋነኞቹ ገልባጮች አንዱ የባኽ ታላቅ ወንድም ዮሐን ክርስቶፍ ነው። ቡክስተሁደ ራሱ ይጽፍ የነበረው በአምስት መስመር ላይ በሚሰፍር ኖታ ሳይሆን በታብላቱር ነበር፤ ይህም እያንዳንዱን ድምፅ በፊደል፣ ርዝመቱን ደግሞ ከላይ በሚደረግ ምልክት የሚያሳይ አጻጻፍ ነው። ወረቀት ይቆጥባል። ወደ ኖታ ሲገለበጥ ግን ስሕተት ይገባል፤ ዛሬ ሁለት የኦርጋን ተጫዋቾች አንዱን ሥራ ለየት አድርገው ቢጫወቱት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ2006 ቫይማር ከተማ በሚገኘው የአና አማልያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ የቆየ ግልባጭ መገኘቱ ታወቀ። የቡክስተሁደ ረጅሙ የመዝሙር ፋንታዚያ ነው፤ ለመጫወትም እጅግ ከባድ። የገለበጠው የባኽ እጅ ነው፤ ከ13 ዓመት ብዙም ያልበለጠ ልጅ በነበረበት ጊዜ። እንግዲህ በ1705 ያን ሁሉ መንገድ የሄደው ከልጅነቱ ጀምሮ በፊደል በፊደል ወደ ገለበጠው ሰው ነበር።

ለመስማት የሚፈልግ ሰው በፓሳካሊያው ቢጀምር ጥሩ ነው፤ ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይወስዳል። ቀጥሎ የሜምብራን ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል አከታትሎ፣ ከዚያ ፕሪሉድ በጂ ማይነር። ከተቻለ በዚያ ዘመን የተሠሩ ኦርጋኖች ላይ የተቀረጸውን መምረጥ ይሻላል፤ በሉቤክ እንኳ በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ቡክስተሁደ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ኦርጋን እስከ ዛሬ ያገለግላል። በስልክ ትንሿ ድምፅ ማጉያ ግን አይሰማ። ፔዳሉ የሚጫወተው ወፍራሙ ድምፅ በእሷ አይወጣም፤ በፓሳካሊያው ላይ ደግሞ 28 ጊዜ የምትመላለሰው ዜማ ያለችው እዚያው ነው። በጆሮ ማዳመጫ ይሰማ።